ሆድና ጀርባ፦ በታማሚ ላይ ማን ዳኛ አደረገን?

 

ለዛሬ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንደኛው ቡሬ ገበያ ላይ የሚሠራ ጫኝና አውራጅ ነው። 100 ኪሎ በቆሎ የሞላ ጆንያ እየተሸከመ መኪና ላይ ሲያወጣ ይውላል፤ ማታ ወገቡ ለሁለት የተቆረጠ ይመስለዋል። ሁለተኛዋ ፍኖተ ሰላም ከተማ ሱቅ ያላት እህት ናት። ክብደቷ 120 ኪሎ ደርሷል፤ ከመቀመጫዋ ለመነሣት ግድግዳ ትደገፋለች፤ ሌሊት ከጎን ወደ ጎን መገላበጥ ጭንቅ ሆኖባታል።

ሁለቱንም የሚያማቸው ቦታ አንድ ነው። እኛ ግን እሱን «አይዞህ፣ የልፋት ነው» እንለዋለን፤ እሷን «ምግብ ቀንሺ» እንላታለን። ለእሱ እናዝናለን፤ በእሷ ላይ እንፈርዳለን። የሕመሙ ምክንያት ሲለያይ ለታማሚው የሚገባው እዝነትም ይለያያል?

«ራሷ ያመጣችው ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ሐዲስም ይጠቅሳል። ቲርሚዚ ከሚቅዳም ኢብኑ መዕዲከሪብ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአደም ልጅ ከሆዱ የከፋ ዕቃ እንደማይሞላ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙለት ጥቂት ጉርሻዎችም እንደሚበቁት አስተምረዋል። በአማርኛችን የተኳረፉ ሰዎች «ሆድና ጀርባ ሆኑ» ይባላሉ። ይህ ሐዲስ ግን ሆድንና ጀርባን አስታርቆ ባንድ ላይ ያነሣቸዋል፤ የምግብ ልኩ ጀርባን ለማቆም የሚበቃው ያህል ነው። ታዲያ ሐዲሱ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ማዕድ የሚመዝንበት ሚዛን ነው። የጎረቤቱን ወገብ የሚገርፍበት አለንጋ ያደረገው ሰው ግን ሚዛኑን ያለ ቦታው ተጠቅሞበታል።

ደግሞስ ውፍረት ሁሉ የሆዳምነት ውጤት ነው ያለው ማን ነው? በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ። እርግዝና፣ የሆርሞን ችግር፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም ድርሻ አላቸው። ሕመሙ ራሱም ክብደት ይጨምራል፤ ወገቡን የሚያመው ሰው አይንቀሳቀስም፣ ካልተንቀሳቀሰ ይወፍራል፣ ሲወፍር ወገቡ ይብስበታል። በዚህ ክብ ውስጥ የሚዞርን ሰው «ማን አስገባህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ገደል ለገባ ሰው ገመድ ከመወርወር በፊት ቃሉን እንደ መቀበል ነው።

ጫኝና አውራጁንም ቢሆን «ግማሽ ኩንታል ለምን አልተሸከምክም?» ማለት ይቻል ነበር። አንለውም፤ ጆንያው ይታየናላ! እሷ ግን ጆንያዋን በገዛ ሥጋዋ ስለተሸከመችው ሸክም አልመሰለንም።

አሁን ይህቺ እህት ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ወሰነች እንበል። ለዚህም አዲስ አበባ፣ አለዚያም ቱርክ ወይም ሕንድ ድረስ ልትሄድ ነው። ሁለተኛው ፍርድ እዚህ ላይ ይጀምራል። አንዱ «የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው» ይላታል። ሌላው «ሶብር ያጣ ሰው አቋራጭ ነው» ይላታል።

ለመጀመሪያው መልስ አለ። ዑለማዎች ለጌጥ ሲባል አካልን መለወጥንና ጉዳትን ለማስወገድ መታከምን አንድ አያደርጉም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው ማዘዛቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ታቢዒዩ ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር እግራቸው በበሽታ ሲበላ፣ በሽታው እንዳይዛመት ተቆርጦላቸዋል። የታሪክ መጻሕፍት ሶብራቸውን የሚያወሱት ከመታከማቸው ጋር ነው።

ሕክምናውም ለፈለገው ሁሉ የሚሰጥ አይደለም። የሰውነት ክብደት መለኪያው፣ ክብደትን በኪሎ ወስዶ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የወጣው መመሪያ ውጤቱ 40 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን፣ ወይም 35 ደርሶ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም እንዲኖር ይጠይቅ ነበር። የ2022ቱ መመሪያ 35 ብቻውን በቂ ነው ብሏል። የእህታችን ቁመት 1.60 ሜትር ከሆነ ውጤቷ 47 ገደማ ይሆናል።

«አቋራጭ» የሚለው ደግሞ መንገዱን አያውቀውም። በብዛት ከሚሠሩት ዓይነቶች በአንዱ ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። ለሳምንታት የሚወሰደው ፈሳሽና የላመ ምግብ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቫይታሚን ቢ12፣ አይረን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲን መከታተል የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ ችላ ከተባለ ደም ያንሳል፣ አጥንት ይሳሳል። ከፋርማሲ በቀላሉ የምንገዛቸው እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም፣ በተለይ ጨጓራንና አንጀትን በአዲስ መንገድ ከሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ቁስለት ሊያመጡ ይችላሉ። የረመዳን ጾምም ሐኪም ሳያማክሩ የሚጀመር አይሆንም። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ሶብር አጣ ይባላል?

ከዓመት በኋላ 40 ኪሎ ቀነሰች እንበል። ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ ከጀርባዋ ወረደ ማለት ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ወገባቸው ይቀልላቸዋል፤ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያስራሉ፣ ሱጁድ ይወርዳሉ። አንዳንዶች ግን ክብደቱ ሄዶም ሕመሙ ይቀራል። ለዓመታት የተጎዳ ዲስክ ሸክም ስለቀለለት ብቻ እንደ አዲስ አይሆንም። ከስብ ጋር ጡንቻም ይቀንሳል፤ ወገብን የሚደግፈውን ጡንቻ በእንቅስቃሴ መልሶ ማጠንከር ይጠይቃል። ጫኝና አውራጁንም ጆንያውን ካወረደ በኋላ ማታ ያመው የለም እንዴ?

ሦስተኛው ፍርድ የሚመጣው ያኔ ነው። «ብሯን ጨረሰች፣ አልዳነችም፤ የአላህ ቅጣት ነው» ይባላል። ወንድሜ፣ ቅጣት መሆኑን ማን ነገረህ? የሕመም መርዘም የቁጣ ምልክት ቢሆን ስለ ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ምን ልንል ነው? ቁርኣን ታጋሽ ብሎ ያወደሳቸው አዩብ ጉዳት እንደነካቸው ለጌታቸው ተናግረዋል። ያዕቁብም (ዐ.ሰ) ሐዘናቸውን ለአላህ አቤት ብለዋል። ሶብር ዝም ማለት አይደለም። ለአላህ ማልቀስም፣ ለሐኪም «እዚህ ጋ ያመኛል» ማለትም ሶብርን አያፈርስም።

ሰላት ላይ ደግሞ ሸሪዓው ከእኛ ይልቅ ያዝናል። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሕመም የነበረባቸው ሰሓባ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ይህንንም ካልቻሉ በጎናቸው ሆነው እንዲሰግዱ ነግረዋቸዋል። እኛ ግን መስጂድ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት ስናይ «ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?» እያልን እንገላምጠዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። አብዛኛው ከውጭ አይታይም።

ፍርድም ሕክምናም ያላገኘ ወገብም አለ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃና እንጨት በጀርባዋ ስትሸከም የኖረች እናት ስንት ናት? «ወገቤን» ስትል ሰምተን እናልፋለን፤ ሁሉም እናት የሚለው ስለሆነ ሕመም አልመሰለንም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሐኪም «ምን በልተሽ፣ ምን ተሸክመሽ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን የሚፈልገው መድኃኒቱን ለማግኘት ነው። እኛ ስንጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ የምንፈልገው እንዳናዝን የሚፈቅድልን ሰበብ ነው። ጥያቄው አንድ ቢሆንም ኒያው ይለያያል። እሷም ብትሆን ሰውነቷ አማና ነውና ከተጠያቂነት ነጻ አትሆንም፤ ሒሳቡ ግን በእሷና በጌታዋ መካከል ነው። እዝነት ጥፋት ለሌለበት ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በጁሙዓ ሰላት የአላህን ራሕመት ለመለመን ከመካከላችን ማን እጁን ያነሣ ነበር?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እናድርግ። የማንንም ሰው ሰውነት፣ ወፈረም ከሳም፣ የወሬ ማሟሻ አናድርግ። ወንበር ላይ ለሚሰግድ ሰው ቦታ እንልቀቅ፤ «ምን ሆንክ?» ብለን አናስጨንቀው። የእናታችንን ጀሪካን እንቀበላት። ወገቧን እያመማት እግሯ ከደነዘዘ ወይም ከከዳት፣ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ደግሞ፣ ወጌሻ ቤት ሳይሆን በፍጥነት ሆስፒታል እንውሰዳት።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ያሽራቸው፤ እኛንም ከፍርድ ይልቅ እዝነት የሚቀድመን ያድርገን። አሚን።