ማኅበር ንስሐ ይገባል?

ከከተማችን ጋር አንድ ስም ያለው የማሽላ ዘር አለ፤ ጎብዬ ይባላል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬ የተለቀቀ፣ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ዘር ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የደከሙበት ምርምር ፍሬ ሲሆን፣ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አቀንጭራን ራያ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አበባው ያምራል፣ ማሳውን ግን ባዶ ያስቀራል። የአረሙ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። የሚቀሰቅሰው ማሽላው ራሱ ከሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። ጠላቱን የሚጠራው ማሽላው ራሱ ነው ማለት ነው። አረሙ ብቅ ብሎ ስናየው ከሥር ሲመጠምጥ ሰንብቷል። ጎብዬ ከሌላው ማሽላ የሚለየው ይህን ጥሪ በመቀነሱ ነው።

ይህ ጠላትን በራስ የመጥራት ነገር ትዝ የሚለኝ ስብሰባ ላይ ነው። በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ፤ ስሙ ይቆየን። በየዓመቱ ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ያችን የታወቀች ሠንጠረዥ እንሞላለን፦ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። ድክመት በሚለው ሥር ምን ይጻፋል? “የበጀት እጥረት”፣ “የአባላት ግንዛቤ ማነስ”። አንደኛው ወደ መንግሥት፣ ሌላው ወደ ገበሬው ይጠቁማል። የቆቦ ሜዳ ሁሉ በጉድጓድ ውኃ ሽንኩርት ሲተክል እኛም የሽንኩርት ዘር ብቻ ገዝተን ማምጣታችን፣ ዱቤውን ለዘመድ አዝማድ ማስቀደማችን የትም አይገባም። ሐምሌ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ደረሰ፣ ነሐሴ 2014 ተመልሶ መጣ። የወደመው ብዙ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን ከዚያ በፊት የጎደለውም “በጦርነቱ የጠፋ” እየተባለ አብሮ ተመዘገበ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ማኅበር ንስሐ ይገባል? ከመካከላችን ክርስቲያንም እስላምም አለ። ለንስሐ አባቱ የሚናዘዝ ሰው የጎረቤቱን ኃጢአት ማውራት ቢጀምር ካህኑ ወደ ራሱ ይመልሱታል። ሙስሊሙም ሌሊት ነፍሱን የሚተሳሰበው ለብቻው ነው። ማኅበር ግን ነፍስ የለውም፤ በመጨረሻው ቀን ተጠርቶ የሚቆም ማኅበር አልሰማሁም። “አጥፍተናል” ሲባል ያጠፋ ሰው አይገኝም።

አገራችን በማኅበር መናዘዝን በሌላ መንገድ ሞክራዋለች። ከ1983 በኋላ ግምገማ፣ ሂስና ግለ ሂስ ከታጋዮች በረሃ ወደ ቢሮ ገባ። ሰው አለቃው ፊት ተነሥቶ ራሱን ይከሳል። የተማርነው ግን የትኛውን ጥፋት ማመን እንደሚያዋጣ ነው፦ “ሰዓት አላከብርም” ያለ ከሥራ አይባረርም። በኑዛዜ እውነት የሚወጣው የሰሚው እጅ ደመወዝ ስለማይቆርጥ ይመስለኛል። አለቃው የንስሐ አባት ልሁን ሲል ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ኦዲት አለ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ኦዲትም፣ ጠቅላላ ጉባኤም፣ ቁጥጥር ኮሚቴም ደንግጓል። ኦዲተር ስንት ብር እንደጎደለ ይነግረናል፤ ጉድለቱን ምን እንደጠራው የሚያውቀው የወሰነው ሰው ነው።

ስለዚህ ባለፈው አንድ ሐሳብ አቀረብሁ። ሠንጠረዡ ከመሞላቱ በፊት እያንዳንዱ የሥራ አመራር አባል ተራ በተራ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ፣ “ከዘንድሮው ኪሳራ በእኔ ውሳኔ የመጣው የቱ ነው?” የሚለውን ይመልስ አልሁ። “ሌባ ይደበቅበታል” ብለው ተቃወሙኝ። ስርቆት ፍርድ ቤት አለው፣ እኔ የምጠይቀው ስለ ሌላው ነው፤ ማንም ሳይሰርቅ ስለሚጠፋው። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ “ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እንቀበለው” አሉ። “ጸሐፊው ይጀምር።”