ሰካራምን ማን ይቅረበው?

መጠጥ ያሸነፈውን ሰው ስናገኝ እኛ ወጣቶች የምንቸኩለው ለምክር ነው። (በሰንበቴው ጠላ ላይ ግን ዝም እንላለን።)

በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ አክሮን ከተማ፣ መጠጥ ከተወ አምስት ወር ያህል የሆነው ቢል ዊልሰን የሄደበት የንግድ ጉዳይ ከሸፈበት። የሆቴሉ መጠጥ ቤት ሲፈትነው ለአንድ ቄስ ስልክ ደወለ። የለመነው ምክር አልነበረም፤ ሌላ ሰካራም እንዲያገናኙት ነው እንጂ። በዚሁ ሰበብ ከሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ፤ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው መረዳጃ ማኅበርም ከዚያ ተጀመረ።

ታዲያ ዊልሰን ራሱን ለማዳን ብሎ ወንድሙን መፈለጉ ፍቅር ነው ወይስ ራስ ወዳድነት? እኛ ፍቅር ነው እንላለን፤ ሁለቱም ችግረኞች ስለ ነበሩ አንዱ በሌላው ፊት አላፈረም። በእኛ ፊት ግን ያፍራሉ። ከጉባኤ በኋላ የምንቆልፈውን አዳራሽ በሳምንት አንድ ምሽት ብንሰጣቸው፣ ወንበሩን ደርድረን እኛ ብንወጣላቸውስ?