ከሩጫ በኋላ

በቴፒ የቡና ምድር ያረጀ ቡና ሁልጊዜ ከነሥሩ አይነቀልም፤ ይጎነደላል። ከመሬት በላይ ከአንድ ክንድ ያልበለጠ ጉቶ ይተዉለታል። ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፤ ለሁለት ዓመት ያህል ለቃሚ ባይጎበኘውም፥ ሥሩ ጤናማ ከሆነ እንደገና ያፈራል። ይህን የተመለከተ ሰው፥ ጉልበቱ በወጣትነቱ ደምቆ በጎልማሳነቱ ስለሚያከትም ስለ ሯጭ ሕይወት ቢያስብ አያስገርምም። ሩጫው ሲያበቃ ለሯጩ ምን ይቀርለታል?

«ያስመዘገበው ሰዓት» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሰዓት የሚጸናው የሚበልጠው እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። ደራርቱ ቱሉ በጉዳትና በወሊድ ምክንያት ከውድድር ርቃ ከቆየች በኋላ፥ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን በ30 ደቂቃ ከ17.49 ሰኮንድ ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግባ ነበር። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ግን የአገሯ ልጅ ጥሩነሽ ዲባባ ቤጂንግ ላይ ሰበረችው። ደግሞም እንዲህ መሆን ይገባዋል፤ ክብረ ወሰን የተሠራው ሊሰበር ነውና።

ታዲያ ያልተሰበረው የቱ ነው? በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት በሆነች ጊዜ፥ ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ከኦሊምፒክ ለብዙ ዓመታት ታግዳ የተመለሰችው በዚያው ዓመት ነበር። ያንን ዙር የለካ ሰዓት አልነበረም፤ ስለዚህም የሚሰብረው አልተገኘም።

ምናልባት አንባቢ «ቸርነትማ ለአሸናፊ ቀላል ነው» ይል ይሆናል። ተገቢ ተቃውሞ ነው። እንግዲህ ድሏን አሳልፋ የሰጠችውን እንመልከት። ጀርመናዊቷ የአጭር ርቀት ሯጭ ኢኔስ ጋይፔል በ1976 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል የአገሯን የክለቦች ክብረ ወሰን አስመዝግባ ነበር። ዘመኑ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ለአትሌቶቹ አበረታች ቅመም በስውር ይሰጥ የነበረበት ዘመን ነው። ጋይፔል ሩጫን ትታ ደራሲ ከሆነች በኋላ፥ ስሟ ከዚያ መዝገብ እንዲፋቅ ራሷ ጠየቀች፤ ተፋቀም። ሥሩ እንዲድን ግንዱን በገዛ እጇ ጎነደለች ማለት ነው።

የሁለቱ ሴቶች መንገድ የተለያየ ነው፤ የሚያስተምሩን ግን አንድ ነው። ሰዓት የሚለካው እግርን ነው፤ ሰው የሚለካው ድሉን ባገኘበት መንገድና ካገኘው በኋላ ባደረገው ነገር ነው።

ይህ ነገር ለባለሜዳሊያ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከሚሮጡት ወጣቶች አብዛኞቹ መድረክ ላይ አይወጡም። መለኪያው ሜዳሊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የእነዚህ ሁሉ ማለዳና ላብ ከንቱ በቀረ ነበር። አሠልጣኝም ወላጅም «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ሲጠይቁ፥ «እንዴት ሮጥህ? የወደቀውን አየኸው?» ብለው ቢጨምሩ፥ ልጁ እግሩ በደከመ ጊዜ ባዶ እጁን አይቀርም።

ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ግንዱ ትልቅ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሥሩ ስላልበሰበሰ ነው።