ተውበት ያደረገውን ወንድም ብቻውን አንተወው!

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ ሱስ ጎጂነት በየሚንበሩ ብዙ ተብሏል፤ በየጋዜጣውም ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማነሳው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጉዳይ ነው። «ተው» ያልነው ሰው ምክራችንን ሰምቶ የተወ ዕለት ከአጠገቡ የሚቆመው ማን ነው?

ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁሩሙ ያነጋገርኳቸው አንድ አባት ናቸው። ልጃቸው ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ ኖሮ አንድ ቀን ተውበት አድርጎ በአንድ ጊዜ አቆመ። በማግስቱ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ላብ አጠመቀው፤ በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር ይታየው ገባ። ጎረቤት «ጂን ነው» አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ዘግይቶም ቢሆን ሕክምና አግኝቶ ተርፏል። ወሬው ግን አልቆመም። «በኪኒን የቆመ ተውበት ምን ተውበት ነው?» የሚሉ አሉ። አባትየው «ልጄ፣ እውነት መድኃኒት የወሰደ ሰው ተውበቱ ይጎድላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልሱ አይጎድልም ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ግን በመጀመሪያ በሰውየው አካል ላይ የሚሆነውን ማወቅ ያሻል። አልኮል አእምሮን ያደነዝዛል። አእምሮም ያንን ጫና ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃቃል። መጠጡ በድንገት ሲቀር ጫናው ይነሳል፤ መነቃቃቱ ግን ይቀራል። መንቀጥቀጥ፣ ማላብ፣ ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት የሚመጡት ከዚህ የተነሳ ነው። በአንዳንዱ ላይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንፈራገጥ ይከሰታል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠትና ራስን አለማወቅ ሊከተል ይችላል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ «ጂን» የምንለው ይህንን ነው። ቁርኣን መቅራቱና ዱዓው ይቀጥል፤ ነገር ግን ሐኪም ቤት ከመውሰድ አያግደን!

ሐኪም ቤት የሚሰጠው ምንድን ነው? እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት፣ መጠኑ እየተቀነሰ ይሰጣል። አእምሮን ከጉዳት ለመከላከል ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ቢ1 ይጨመራል። ዲያዜፓም ራሱ ሊለመድ ስለሚችል ከመድኃኒት ቤት በግምት ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው፤ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ግን ሕይወት አዳኝ ነው። መጠጡ ከቀረ በኋላ ጉጉቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ናልትሬክሶንንና አካምፕሮሴትን በ2023 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ከሚላቸው ዝርዝር አስገብቷቸዋል።

ከመድኃኒቱ እኩል የነርሷ እጅ ያስፈልጋል። በየጥቂት ሰዓቱ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና ሙቀቱን የምትለካው፣ ውኃ የምታጠጣው፣ ጸጥ ያለና ብርሃን ያለው ክፍል የምታዘጋጀው፣ ሌሊት ሲቃዥ በስሙ ጠርታ ያለበትን የምትነግረው እሷ ናት። በአገራችን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል መሠልጠን ከጀመሩ ወዲህ በየክፍለ ሀገሩ የአእምሮ ሕክምናን የተሸከሙት በአብዛኛው እነዚህ ነርሶች ናቸው።

የጫቱ ጉዳይ ይለያል። ለጫት ሱስ ተብሎ በጥናት የተረጋገጠ መድኃኒት እስካሁን የለም። ያቆመ ሰው ለቀናት ይደክማል፣ ይከፋዋል፣ በቅዠት ይረበሻል። የሚያሻው እንቅልፍ፣ ምግብና የሰው አጠገብ መሆን ነው። ሐዘኑ ከጸናበትና ሞትን ማሰብ ከጀመረ ግን ለነገ ሳይባል ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

ወደ ሸሪዓው እንምጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ መድኃኒቱን ሳያወርድ ያወረደው በሽታ እንደሌለ ማስተማራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 195 ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። በእርግጥ አስካሪ መጠጥን መድኃኒት ማድረግ በሐዲስ ተከልክሏል። ነገር ግን ለማስከር የሚጠጣ ነገር ሌላ፣ ነፍስ ለማዳን በልክ የሚሰጥ መድኃኒት ሌላ ነው። ተውበት የልብ መመለስ ነው፤ ሕክምና የአካል መጠገን ነው። አንዱ ሌላውን አያፈርስም።

የተመለሰው ወንድም ዳግም ቢወድቅስ? በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመጠጥ ምክንያት በተደጋጋሚ የተቀጣ ዐብደላህ የተባለ ሰው ነበር። አንዱ ሲረግመው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ከጀመዓው ግን አልተባረረም። እኛስ የወደቀውን ከመስጊድ በር የምንመልሰው በየትኛው ሱና ነው?

የመስጊድና የሕክምና ዝምድና አዲስ ነገር አይደለም። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በመዲና መስጊድ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ታክመዋል፤ ቁስለኞችን በማስታመም የምትታወቀውም ሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ናት። በዘመናችንም በማሌዥያ ኩዋላ ላምፑር በሚገኘው አር-ረሕማን መስጊድ ለሄሮይን ሱሰኞች ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት ከሃይማኖት ትምህርት ጋር መስጠት ተችሏል።

ወገኖቼ ሆይ! ከእኛ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ኢማሞቻችን በኹጥባቸው «ተው» ሲሉ «ብቻህን አትተው፤ ጤና ጣቢያ ሂድ» የሚለውን ይጨምሩ። ከሁሩሙና ከአካባቢዋ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጠው መቱ ካርል ሆስፒታል ለሚሄድ ችግረኛ ጀመዓው ከሰደቃው የመኪና ይክፈል። ወጣቶች በየተራ አብረው ይደሩ። ጎረቤትም አንደበቱን ይሰብስብ። አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ የሰውን ዘር ሁሉ ሕያው እንዳደረገ መሆኑን ሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 32 ነግሮናል።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ የተመለሱትን ያጽናልን፤ የሚያስታምሙትን ምንዳቸውን ያብዛላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።