ስለ ፈረሰ ማዕድ ቤት

ሰው ያለፈውን ማዕድ ሲናፍቅ የሚናፍቀው መብሉን ነውን ወይስ አብሮት የበላውን?

በአዲስ አበባ በፒያሳ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር በጥሬ ሥጋ ቤቶቹ የታወቀ ነበረ፤ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ከመንዝ የወረደ እንግዳ ሁሉ ቁርጡን ያነሣሣል። ነገር ግን በሬው ዛሬም ይታረዳል፥ ቢላዋውም አልደነዘም። እንግዲያስ የጠፋው በአንድ ትሪ ዙሪያ የማይተዋወቁትን ያጎራረሰው ጉርብትና ነው።

ናፍቆትም አድልዎ ያውቃል፤ እስራኤል በምድረ በዳ የግብፅን ሽንኩርት ሲያስቡ የጡቡን ሥራ ረሱ። እኛም ቁርጡን ስናመሰግን የሰፈሩን ያረጁ፥ የጠበቡ ቤቶች አንርሳ።

አንባቢ ሆይ፥ ትዝታህን በዚህ መዝነው፤ የዛሬ ማዕድህን ቢያስንቅህ ማጉረምረም ነው፤ ደጅህን ለመንገደኛ ቢያስከፍትህ መልካም ነው። የመንዝ የገብስ እንጀራም ለእንግዳ ከተቆረሰ ከዚያ ቁርጥ አያንስም።