ጀግናን ማክበር እስከ ምን ድረስ ነው?

ውድ አንባቢ! ልጅዎ በአደባባይ የቆመ ሐውልት አይቶ «ይህ ሰው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ ምን ይመልሱለታል? ሰውየው በሃይማኖት የማይመስልዎ፣ ምናልባትም በሙስሊሞች ላይ ሰይፍ የመዘዘ ከሆነ መልሱ ይከብዳል። የአልባኒያ ሙስሊሞች ከዚህ ጥያቄ ጋር ዘወትር ይኖራሉ።

በዋና ከተማቸው በቲራና መካከል በስካንደርቤግ ስም የሚጠራ ሰፊ አደባባይ አለ። በአደባባዩ ላይ በፈረስ የተቀመጠው የጀግናው የነሐስ ሐውልት ቆሟል። እዚያው ዳር ላይ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግንባታው የተፈጸመው የኤትሄም ቤይ መስጂድ ይገኛል። ጀግናውና መስጂዱ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

ለመሆኑ ሰውየው ማን ነበር? ትክክለኛ ስሙ ጂየርጂ ካስትሪዮቲ ሲሆን የአንድ አልባኒያዊ መስፍን ልጅ ነው። በልጅነቱ በመያዣነት ለኦቶማን ሱልጣን ተሰጥቶ በእስልምና አደገ፤ በሱልጣኑም ጦር ውስጥ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1443 ግን ጦሩን ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ወደ ክርስትናም ገባ። ከዚያ በኋላ በ1468 እስኪሞት ድረስ ኦቶማኖችን ተዋጋ። የሚገርመው፣ ዛሬም የሚጠራው ኦቶማኖች ባወጡለት ስም ነው፤ ስካንደርቤግ ማለት እስክንድር ቤይ ነውና። በኋላ ዘመን ብዙው አልባኒያዊ እስልምናን ተቀብሏል። ይህም ሆኖ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የጋራ ጀግና አድርገውታል።

«ሙስሊም ሆኖ ይህን ሰው ማክበር እንዴት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ሐውልት ስለ መቅረጽ ዑለሞቻችን ያሉት የታወቀ ነው፤ እዚህ የምናነሳው ስለ ነሐሱ ሳይሆን ስለ ሰውየው ነው። ዲናችን ለምንጠላው ሰው እንኳ ፍትሕ እንዳንነፍግ ያዘናል። ከእስልምና መውጣቱን ልክ ነው አንልም፤ ለአገሩ መቆሙንም ውሸት ነው አንልም። የሰውን ጀግንነት መመስከር እምነቱን መቀበል አይደለም።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሐውልቱ የቆመው በ1968፣ ጀግናው የሞተበት 500ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ያቆመው የኤንቨር ሆጃ መንግሥት፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1967 መስጂዶችንና አብያተ ክርስቲያናትን ዘግቶ ነበር። ልብ ይበሉ! ወደ ክርስትና የተመለሰውን ሰው በፈረስ ላይ አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያኑን ዘጋበት፤ በጎረቤቱም መስጂድ ሶላት እንዳይሰገድ ከለከለ። የሰውየውን ሰይፍ አሳይቶ እምነቱን ደበቀ። ይህ በሙስሊሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በጀግናው በራሱ ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ጀግናን ማክበር ሌላ፣ ጀግናን መገልገያ ማድረግ ሌላ።

በ1988 የኤንቨር ሆጃ የራሱ ሐውልት በዚያው አደባባይ ቆመ። ጥር 18 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ባለሥልጣናቱ ሳይፈቅዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የኤትሄም ቤይን መስጂድ ከፍተው ገቡ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 20 ቀን፣ ሕዝቡ የሆጃን ሐውልት በገመድ ጎትቶ ጣለው። ፈረሰኛውን ግን የነካው አልነበረም። ሕዝቡ ጀግናውንና በጀግናው የተጠቀመበትን ለይቶ አወቀ።

እንግዲህ ልጅዎ ሲጠይቅዎ እውነቱን ሳይከፍሉ ይንገሩት። ያልሠራውን አይጨምሩለት፤ የሠራውንም አይቀንሱበት። ያጠፋውን እንደ ጥፋቱ፣ ያለማውን እንደ ልማቱ ይንገሩት። ከዚያም ምስጋና ለሰው ሊሰጥ እንደሚችል፣ ሱጁድ ግን ለአላህ ብቻ መሆኑን ያስተምሩት። ይህን የተማረ ልጅ ጀግናን ለመውደድ ሲል ሃይማኖቱን አይጥልም፤ ሃይማኖቱንም ለማክበር ሲል ሰው አይበድልም።

አላህ (ሱ.ወ.) በወደድነውም በጠላነውም ላይ በፍትሕ ከሚመሰክሩት ያድርገን። አሚን!