የተከራየነው ፊልም የማን ነው?



ውድ አንባቢያን፤ ስለ ፊልም በመካከላችን ክርክር በተነሳ ቁጥር የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ውስጡ ምን አለ?» እንላለን። እርቃን አለበት ወይ? ልጆች ቢያዩት ያበላሻቸዋል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ሌላ ጥያቄ ዘለነዋል። ለመሆኑ ፊልሙ የማን ነው? በእጃችንስ የገባው በምን መንገድ ነው? ይህን የምለው ዳር ቆሜ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪ የያዝኩት በዚሁ ገንዘብ ነውና።

አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ አጎቴ መርካቶ ውስጥ ካሴት የሚያከራዩበት ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። የእኔ ሥራ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በነጭ ወረቀት ላይ «በዚህ ሳምንት የገቡ አዳዲስ ፊልሞች» ብዬ ዝርዝሩን ጽፌ በሩ ላይ መለጠፍ ነበር። አጎቴ ሶላታቸውን በወቅቱ የሚሰግዱ፣ ለጁሙዓ ሱቃቸውን የሚዘጉ ሰው ነበሩ። ነውር ያለበትን ፊልም ደንበኛ ቢቆጣም አያስገቡም። ረመዳን ሲመጣ የሙስጠፋ አል-ዐቃድን «አር-ሪሳላ» ያለ ኪራይ ለጎረቤት ይሰጡ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ጠንቃቃ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ዴክ አገናኝተው፣ አንዱ ሲያጫውት ሌላው ሲቀዳ ያድር ነበር። ዘመኑ ወደ ሲዲ ሲለወጥም በዴኮቹ ቦታ ኮምፒውተር ተተካ። በሱቁ ውስጥ ከባለቤቱ ተፈቅዶ የተገኘ አንድም ፊልም አልነበረም። ማናችንም ግን ይህን እንደ ስርቆት ቆጥረነው አናውቅም።

በ1997 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ሰው ገብቶ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ አንድ የአማርኛ ፊልም ጠየቀኝ። አውጥቼ ሰጠሁት። ሲዲውን አገላብጦ አየና ሦስት ብር ከፍሎ፣ «ጋሼ፣ ይህን ፊልም የሠራሁት እኔ ነኝ» አላቸው። አጎቴ ብሩን ሊመልሱለት እጃቸውን ዘረጉ። ሰውዬው አልተቀበላቸውም። «ግድ የለም፤ እኔም እንደ ሰው ልከራየው» ብሎ ወጣ። ያን ዕለት አጎቴ ከመግሪብ በኋላ ሱቁን ተመልሰው አልከፈቱም።

በማግስቱ ግን ከፈቱ። የምንበላውም የምንማረውም ከዚያው ነበርና።

አንባቢያን ልብ በሉ፤ ማከራየት በራሱ ጥፋት አይደለም። ቤትም በቅሎም ይከራያል፤ ኢጃራ በሸሪዓችን የታወቀ ሐላል ውል ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ከፎክስ ስቱዲዮ ፈቃድ ወስዶ 50 ፊልሞችን በቪዲዮ ካሴት ለሽያጭ ሲያወጣ፣ ጆርጅ አትኪንሰን የተባለ ሰው ካሴቶቹን ገዝቶ በሎስ አንጀለስ ማከራየት ጀመረ። የገዛውን ዕቃ ነበር ያከራየው። አንድ ካሴት ገዝቶ ሃምሳ አድርጎ አባዝቶ ማከራየት ግን የራስን በቅሎ ማከራየት አይደለም። የሰው ነው።

በዚህ ጉዳይ ሦስት ምክንያቶች ሲቀርቡ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው «ባለቤቱ ምን ጎደለበት? ኦሪጅናሉ እዚያው እጁ ላይ ነው» የሚለው ነው። ከዑለማእም መካከል ሐሳብ የማይጨበጥ ነገር ስለሆነ ንብረት ሊባል አይችልም ያሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ጉዳዩን መርምሮ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በዘመናችን ልማድ የገንዘብ ዋጋ ያገኘ፣ በሸሪዓም የተጠበቀ ስለሆነ ሊደፈር አይገባም ሲል ወስኗል። በአገራችንም ቢሆን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል። ያ ሰው ሱቃችን በመጣበት ዓመት አዋጁ ነበረ ማለት ነው።

ሁለተኛው «ባለቤቶቹ እኮ የሆሊውድ ከበርቴዎች ናቸው፤ ለእኛም አዝነው አያውቁም» የሚል ነው። ይህ ንዴት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ፍትሕ ለምንወደው ብቻ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ ፍትሕ መባሉ ቀርቶ ዝምድና በተባለ ነበር። የጠላን ሰው ሐቅ እንኳ ሐቅ መሆኑን ሃይማኖታችን ያስተምረናል። ደግሞስ የምንቀዳው የከበርቴውን ብቻ ነው ወይ? ነሺዳና መንዙማ ሠርተው አንድ ካሴት ያወጡ ወንድሞቻችንን ሥራ በሺህ የሚቀዳው ማን ነው? እኛው ነን።

ሦስተኛው ምክንያት ከበድ ይላል። «በአገራችን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥልን አልነበረም፤ ድሃ ሕዝብ ምን ያድርግ?» ይባላል። እውነት አለው፤ አጎቴ ኦሪጅናል ልግዛ ቢሉ ከየት ይገዙ ነበር? ሃይማኖታዊ እውቀትንም በገንዘብ ቆልፎ ከሕዝብ ማስቀረት አግባብ አይደለም። ስለዚህ «አር-ሪሳላን» አይቶ ስለ ሰሓቦች የተማረውን ልጅ እንደ ወንጀለኛ ልቆጥረው አልደፍርም። ነገር ግን ይህ ምክንያት የሚያገለግለው የቸገረውን ተመልካች እንጂ የሚያተርፈውን ነጋዴ አይደለም። ጊዜ ማሳለፊያም ረሃብተኛ እንደሚበላው እንጀራ አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ የአማርኛውን ፊልም የሠራው ሰው የሚኖረው እዚሁ አዲስ አበባ ነበር፤ ፈቃዱን ለመጠየቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር።

አጎቴ ከሦስት ዓመት በፊት ታመሙ። አልጋ ላይ ሆነው የድሮውን የኪራይ ደብተር አስመጡና «ያን ሰው ፈልግልኝ» አሉኝ። በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ ጥፋት በተውባ ይታለፋል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ ካልተመለሰለት ወይም ካልማረ በስተቀር በአንገት ላይ ይቀራል። የውጭዎቹን ማግኘት ስላልተቻለ በእነርሱ ስም ሶደቃ ወጣ። የዚያን ሰው ፊልም ግን ደብተሩ ላይ ቆጠርኩ፤ 41 ጊዜ ተከራይቷል። በሦስት ብር ሂሳብ 123 ብር መሆኑ ነው።

ፈልጌ አገኘሁት። የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። ብሩን ሳወጣ ሳቀ። «ያኔ አርባ ያህል ቪዲዮ ቤቶች ዞሬ ነበር፤ በሁሉም አገኘሁት። የተበደርኩትን መክፈል አቃተኝ። ሁለተኛ ፊልም የሚሆን ድርሰት ጽፌ ነበር፤ ሳልሠራው ቀረ» አለኝ። ከዚያም ለአጎቴ ይቅር ማለቱን እንድነግርለት አዘዘኝ። ነገርኳቸው። አለቀሱ፤ በወሩም ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስበው ያን ሁለተኛ ፊልም ነው። 123 ብሩን መመለስ ይቻላል። ያልተሠራውን ፊልም ማን ይመልሳል? «ባለቤቱ ምን ጎደለበት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው።

ዛሬ ቪዲዮ ቤቶች ተዘግተዋል። ሐሙስ ማታ የምጽፈው ዓይነት ዝርዝር ግን አልጠፋም፤ በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ፍላሽ ይዞ የሄደም በጥቂት ብር የሳምንቱን አዲስ ፊልም አስጭኖ ይመለሳል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፍላሻችንን ከማቀበላችን በፊት «ውስጡ ምን አለ?» ከሚለው ጋር «የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ባለቤቱን ማግኘት የምንችል ከሆነ ዛሬውኑ እንክፈለው። አልጋ ላይ ሆኖ ደብተር ማስመጣት ለሁሉም አይታደልምና።

ወላሁ አዕለም።